የተላገው ትምህርት

ትናንት በር ላሠራ ፉሪ ሄጄ፣ አናጢው መላጊያውን ሲያስኬድ የተነሳው የጥድ ሽታ ጎፋ ወደነበረው የአባዬ ወርክሾፕ ወሰደኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጸሎት ቤታችን ታሽጓል። አባዬ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞችና አንድ ሹፌር እንደ ደንበኛ እየመጡለት፣ በየቤቱ በድብቅ የሚደረገውን ጸሎት እንዴት እንደሚመሩ ያስተምራቸው ነበር። ወረቀት ከተገኘ ስለሚያሳስር ትምህርቱን በእርሳስ ጣውላ ላይ ይጽፍና ሲያበቃ ይልገዋል።

አንድ ሐሙስ ትምህርቱ ሳያልቅ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። እኔ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። አባዬ ወዲያው ጎንበስ ብሎ የጻፈበትን ጣውላ መላግ ጀመረ።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» አለ ጠባቂው።

«አልጋ ሊያሠሩ ነው» አለ አባዬ ቀና ሳይል።

ሰውዬው ከመሬት አንድ ፍቅፋቂ አነሳ። እርሳስ የነካው ነበር። በጣቱ ሊዘረጋው ሲል ተሰባበረበት። ጣለውና «ለቀበሌም አግዳሚ ወንበር ያስፈልገናል» ብሎ ወጣ።

አባዬ ግን መላጉን አላቆመም። ሹፌሩ እጁን ሲይዘው ጣውላው እንደ ማስመሪያ ሳስቶ ነበር፤ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።

«ጋሼ፣ ትምህርቱ ይቅርብን ይሆን?» አለው ሹፌሩ።

አባዬ ላቡን ጠረገ። «ለሚመጣው ሐሙስ ሌላ ጣውላ አለ።»

ያኔ ስለ እንጨት ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ከፉሪው አናጢ እግር ሥር አንድ ፍቅፋቂ አንስቼ፣ እርሳስ ነክቶት እንደሆነ ገልብጬ አየሁት።

«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።