ነጩ ግድግዳና አማቴ

እኔ ያገባሁ ጊዜ የባሌ ቤት ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነበር። ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የቀርከሃውን ግድግዳ በጥቁር አፈርና በከሰል ዱቄት የመረገችው አማቴ ናት። እናቴ ቤት ግን ከወንዝ ዳር የሚቆፈር ነጭ አፈር ነበር የምንቀባው።

«እናቴ፣ እዚህ ቤት ባሌን ከምሰሶው መለየት አቃተኝ» አልኳት አማቴን።

«ምሰሶውን ያዢ፤ እሱ አያንኮራፋም።»

እንዲህ ስንነካካ ነው የምንውለው። እሷ ጥቁሩ ጭስ አያሳይም፣ ልብስም አይነካም ትላለች። እኔ ነጩ ከበር የገባችውን ብርሃን እስከ ጓዳ ያደርሳል፣ ጊንጥ ሲሄድበትም ይታያል እላለሁ። በመጨረሻ ከበሩ በስተግራ ጥቁር፣ በስተቀኝ ነጭ ይሁን ተባባልን።

«ከዚያ የቱ እንደሚያምር እናያለን» ስላት ሳቀች። ያኔ አልገባኝም።

ጥቁሩ ግድግዳ ላይ፣ ወገብ በሚደርስበት፣ በጣቷ የጫረችው መስመር ቤቱን ዞሮ በሩ ላይ ያበቃል። ጌጥ መስሎኝ! እኔ ማሸነፍ ነው የፈለግሁት። ነጩ አፈር ልብስ እንዳይነካ እበት ጨመርኩበት፣ በወንዝ ድንጋይ ፈተግሁት፣ እንደ ቅል ውስጥ ለሰለሰ። በእኔ በኩል ያለው መስመር ጠፋ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አማቴ ከደጅ ገባች። መዳፏን ነጩ ግድግዳ ላይ ታንሸራትታለች፣ ወደላይ፣ ወደታች፤ የምትፈልገውን አጣች። ቀጥ ብላ ምድጃው ላይ ሄደች። የገንፎው ድስት ተገልብጦ እግሯን ጠበሳት።

ቆሜ እያየኋት እኮ ነው! ምድጃውን ታየዋለች ብዬ።

እግሯን እየጠቀለልኩ «ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይንሽ የጠፋው?» አልኳት።

«አንቺ ሳትመጪ። መልክሽንም አላየሁት። ልጄ፣ ‹ቆንጆ ናት› ብሎኛል፣ ወላሂ ይዋሻል።» ከዚያ እጄን ጨበጠችኝ። «ለእሱ እንዳትነግሪው። ካወቀ ወንዝ አያስወርደኝም።»

የሰፈሩ ሴቶች ወንዝ ወርደው ወርቅ ያጥባሉ፤ አብራቸው የማትሄድበት ቀን የለም።

«ወርቁን በምን ታዪዋለሽ?»

«እነሱ ያዩልኛል። እኔ ወሬውን ነው የማጥበው።»

ባሌ ከእርሻ ሲመጣ ድስቱን እኔ ነኝ የደፋሁባት አልኩት። ስንት ቀን አኮረፈኝ! ነጩን ግድግዳ ውሃ አርከፍክፌ በጣቴ መስመር አወጣሁበት። ዳሰሰችውና «ጠማማ ነው» አለችኝ።

ሴቶቹ በየጠዋቱ ደጅ ላይ ይጣራሉ። «እግሬ ይዳን» ትላቸዋለች። እግሯ ሲድን ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ። ውሃው ሲጎድል ደግሞ መጥተው ጠሯት። መስመሩን ይዛ እስከ በሩ ሄደች፣ እዚያ ቆመች።

«ዛሬ እናንተ ሂዱ።»

በማግስቱም እንዲሁ። ባሌ ሰነፈች ብሎ ሳቀባት፤ እስኪሞት አላወቀም። እኔ ግን ከተቃጠለች ወዲህ ፈርታ እንደሆነ አውቃለሁ። ሂጂ ልላት አፌን ከፍቼ፣ የእግሯን ጠባሳ አየሁና እጇን መስመሩ ላይ መለስኩላት።