በራችን ላይ ያለው ባነር

ብሎክ በብሎክ እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት የኮምፒውተር ጌም አለ። አዳማ ያለውን ቤታችንን እዚያ ሠርቼ ስጨርስ፣ በሩ ላይ የሚሰቀል ባነር አማረኝ። ባነሩ የሚሠራበትን ሱፍ ቢጫ ነከርኩት፣ ዙሪያውን ቀይ ጠርዝ ሰጠሁት፣ ከታች አረንጓዴ ስጨምርበት ጠርዙን ዋጠው። ለካ መጀመሪያ የተቀባውን ኋላ የመጣው ይሸፍነዋል!

ባጃጅ ነጂው አባቴ ለምሳ ገብቶ ከኋላዬ ቆሟል። ባጃጁን እንደ ሙሽራ የሚኳኩል ሰው ነው።

"ዘርፍ የሌለው ደግሞ ምን መጋረጃ ነው?" አለኝ።

"አባዬ፣ መጋረጃ አይደለም!" ብል ማን ሰምቶኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አረንጓዴውን አስጠፋኝ፣ ከታች እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ቀይ ዘርፍ አስወጣኝ፣ ጠርዙን የመጨረሻ አስደረገኝ። ምሳው ቀዘቀዘ። በሩ ላይ ሰቅዬው በነፋስ ሲወዛወዝ ሲያይ አጨበጨበ።

በሳምንቱ ባጃጁ ያንኑ መጋረጃ ለብሳ መጣች፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አሰፍቶታል። አብሬው ወደ መናኸሪያ ስሄድ አንዲት ተሳፋሪ፣ "ጋሼ፣ መጋረጃውን ከየት ገዝተውት ነው?" አለችው።

"የት ይገዛል! ቤታችን በር ላይ ያለውን አይቼ ነው ያሰፋሁት" አላት፣ ኮራ ብሎ።

የቆርቆሮ በራችን እስከ ዛሬ ከዝገት በቀር ጌጥ አያውቅም።