ማጥፊያው ላይ የተሰቀለ ጃኬት

ታላቅ ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ድመቱ» ይለዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ መብራት ጥገና ላይ ከቀጠረው ጀምሮ ምሰሶ ሲወጣ አይቶ ያልተገረመ የለም። ቤት ሲገባ ግን ከወንበር ለማስነሳት ልመና ያስፈልጋል። እናታችን «ምሳህን ምሰሶ ላይ ልስቀልልህ እንዴ?» እያለች ታበሽቀው ነበር።

የጥገና ሠራተኞቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ምሰሶ የሚወጣው ሰው መጀመሪያ መንገድ ዳር ያለውን ሳጥን ከፍቶ ኤሌክትሪኩን ያጠፋና ጃኬቱን አውልቆ ማጥፊያው ላይ ይሰቅላል። ጃኬት ካለ ላይ ሰው አለ፤ ማንም አይነካውም። ሰውየው ሲወርድ ያበራና ጃኬቱን ለብሶ ይሄዳል። መመሪያው የሚለው ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ጓጉንቸር ገዝቶ አያውቅም፤ በተጠየቀ ቁጥር «በሚቀጥለው በጀት» ይላል።

ያን ቀን ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ፊት ለፊት ያለው መጋዘን አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ ነበረው፤ ደግ ሰው ነው። የሰው ጃኬት ሲበሰብስ እያየሁ ዝም አልልም ብሎ አነሳና ማደሪያው አስገባው። ትንሽ ቆይቶ የወንድሜ የሥራ ጓድ ከሌላ መንገድ ሥራውን ጨርሶ መጣ። ወንድሜ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለነበር አላየውም። ማጥፊያው ላይ ጃኬት የለም፤ ሰው የለም ማለት ነው። አበራው።

የወገቡ ቀበቶ ባይዘው ኖሮ ዛሬ ወንድሜን የማወራው በ«ነበር» ነበር። ቀኝ እጁ ግን ክፉኛ ተቃጠለ። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ቶሎ ከተደረገለት ጣቶቹ እንደሚንቀሳቀሱ፣ ከዘገየ ግን እንደ ደረቁ እንደሚቀሩ ነገረን። ወጪው በእኛ አቅም የሚታሰብ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ «ሠራተኛው መመሪያ ጥሶ ራሱን ጎድቷል፤ አይመለከተኝም» አለ። አይመለከተኝም! ደሜ ፈላ። ከሰስን።

ችሎቱ የተቀመጠባት ክፍል ጠባብ ነች። የሥራ ጓዱ ምስክርነቱን ሲሰጥ እንባው እየቀደመው አስቸገረ። የማዘጋጃ ቤቱ ነገረ ፈጅ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀውም።

«ይህን የጃኬት ነገር መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው? ሰው ጥራ!»

ዳኛዋ አቋረጡት። «ነገሩ ግልጽ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ልማዱን እያወቀ ዝም ካለ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። የጥገና ክፍል አለቃው ይቅረቡ።»

የወንድሜ እጅ እኚህ ሽማግሌ አንደበት ላይ ተንጠለጠለ። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባቱ ያያቸዋል። ጡረታቸው ደርሷል፤ ከተናገሩ ደግሞ መዘዙ ወደ ራሳቸው እንደሚዞር እዚያ የነበርን ሁላችንም ገብቶናል።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት» አሉ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቤ አንቱታዬን አነሳሁበት። ልጮህ ብድግ ስል ወንድሜ በግራ እጁ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። ዳኛዋ ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እርስዎ ምሰሶ ሲወጡ እኔ ታች ሆኜ አቀብልዎት ነበር። ያኔ ማጥፊያው ላይ ምን ነበር የሚሰቅሉት?»

«የድሮ ታሪክ ነው፣ ክብርት ዳኛ!» አለ ነገረ ፈጁ።

«ይመልሱ» አሉ ዳኛዋ።

አለቃው ወደ ነገረ ፈጁ ዞረ፤ ነገረ ፈጁ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል። ወደ ወንድሜ ዞረ፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አየ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ተናገር፣ አንተ ሰውዬ፣ ተናገር እላለሁ በሆዴ።

«ባርኔጣዬን» አለ በመጨረሻ። «ጃኬት አልነበረኝም። ለዚህም ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለበላዮቼ ጓጉንቸር ግዙልን ብዬ፣ ብዬ ሲታክተኝ ተውኩት።»

ነገረ ፈጁ ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ውሃ የሚያነሳ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው፣ ሕክምናውንም ይሸፍናል ተብሎ ተፈረደ። ቀዶ ጥገናው በጊዜው ተደረገ። ወንድሜ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል፤ አንድ ጣቱ ብቻ እሺ አላለውም።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ንዴቱን የሚወጣበት ሰው አላጣም። አለቃውን «አደገኛ አሠራር አስተምረዋል» ብሎ ጡረታቸው ሳይከበር አሰናበታቸው። አዎ፣ አንቱታቸውን መልሼላቸዋለሁ፤ ምን እንደሚጠቅማቸው እንጃ።

ይህን የሰማን ዕለት ወንድሜና እኔ ቤታቸው ሄድን። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። ዓይናቸው በቀጥታ እጁ ላይ አረፈ።

«ዳነልህ?»

«ድኗል፣ እትዬ።»

«እንኳን ዳነልህ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ግን ግቡ አላሉንም።

«ጋሼን ላመስግናቸው ብዬ ነበር።»

«የሉም» አሉ።

ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማናል። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «ሲመጡ ሰላም በሉልኝ» አላቸው።