ነፋስ ይግባ

ትናንት ከፊልቱ በመጣ የከብት ጫኝ መኪና የልጄ የካሳነሽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤ የማነበው ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፤ ያችኑ ፊደል የቆጠርኩት ከእርሷው ደብተር ላይ ነውና። የትናንቱን ግን ግማሹ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ እንደገና ለቀምኩት።

«እማዬ፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለን» ትላለች። «ባለቤቴ ቬንትሌተር ገዝቶ ነበር፤ የመብራት ሞተሩ ባለቤት ደግሞ ለእሱ ለብቻው ክፈሉ እያለ ደመወዛችንን ሊጨርሰው ነው። ቢከፈለውም ሞተሩ የሚነሳው ሲመሽ ነው። ቀን ቀን ሕፃኑን ነፋስ እንዳይመታው ዘግቼ ይዤው እውላለሁ። አንቺ ያኔ እዚህ ስትኖሪ ቤቱን በምን ታበርጂው ነበር?»

«ዘግቼ» የምትለዋ ቃል ላይ ዓይኔ ቀረ።

በምን እንደሚበርድማ አውቃለሁ። ያወቅሁበትን ነው ነግሬያት የማላውቀው። ስሟ የምን ካሳ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ካልጠየቀችኝ ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ አስር አለቃ ነበርና ከመንዝ ብርድ አንስቶ በነገሌ በኩል ፊልቱ አወረደኝ። መንገዱ ቀይ አቧራ፣ ግራርና ሰው የሚያህል ኩይሳ ነው። ጭኔ ላይ የመጀመሪያ ልጄ ታደለ ነበር። የስምንት ወር ልጅ፣ ሁለት ጥርስ ያበቀለ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር የሚስቅ።

የተሰጠን ቤት ቆርቆሮ ክዳን ነበረው። እንዴት እንደኮራሁ! በእኛ አገር ቆርቆሮ ቤት የትልቅ ሰው ቤት ነው። ለእናቴ እንኳ በሰው አስጽፌ «ቆርቆሮ ቤት ገባሁ» ብዬ ላክሁባት። ቆላ ላይ ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርግ የነገረኝ የለም። ረፋድ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አናቱ ይግላል። የአገሬው ሰው የሣርና የሰሌን ጎጆው ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎት ይተኛል፤ እኔ ባለ ቆርቆሮዋ እቃጠላለሁ።

ወተት የምታመጣልኝ ዲራሙ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች፤ እናቴን የምታህል። በጢስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ይዛ በየጠዋቱ ትመጣለች። «አካም! ናጋ?» ትላለች፤ እኔም «ናጋ» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው ስለሌለን እንሳሳቃለን። ታደለን ስታይ ጉንጩን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን ትስማለች።

በጋው አልቆ ደመናው መሰብሰብ የጀመረ ሰሞን ነው። ዝናብ የለም፤ ወበቅ ብቻ። ባለቤቴ ለጥበቃ ወጥቷል። ታደለ ሰውነቱ ጋለ፤ ጡትም እምቢ አለ። እኔ ያደግሁት ሕፃን ሲታመም ነፋስ መታው ሲባል ነው። ይሸፈናል፣ ቤቱ ይዘጋል። በጋቢ ጠቀለልኩት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩንም ዘጋሁ።

ዲራሙ ስታንኳኳ በሩን ገርበብ አደረግሁላት። ልጁን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ወተቱን መሬት አስቀምጣ ወደ መስኮቱ እየጠቆመች «ቂሌንሲ ሃ ሴኑ! ቂሌንሲ ሃ ሴኑ!» ብላ ጮኸች። መወርወሪያውን ልትይዝ ስትል እጇን መታሁት።

ጎረቤቴን አስካለን ጠራኋት። እሷ ከእኔ ቀድማ የመጣች የወታደር ሚስት ናት፤ ከገበያ ጥቂት ቃል ለቅማለች።

«አስኩ፣ ምንድን ነው የምትለኝ?»

«ቂሌንሳ ነፋስ ነው። ሴኑ ደግሞ… መግባት። ነፋስ ገባ ነው የምትልሽ።»

«አላልኩሽም? ነፋስ ገብቶበታል! እሷም አወቀችው።»

«እዚህ አገር ወተት ሻጩም ሐኪም ነው» አለች አስካለ፤ ሳቅን። አዎ፣ ያን ቀን ስቄአለሁ።

ዲራሙን አስወጥተን የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፍነው። በሩን ከውጭ በመዳፏ ስትደበድበው ይሰማኛል። ኋላ ድምጿ ጠፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ልጄ አረፈ።

የጦሩ ድሬሰር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እጁን ወደ ቆርቆሮው ዘርግቶ ወዲያው ሰበሰበው። ሄዶ መስኮቱን ከፈተ።

አርባው ሲወጣ ዲራሙ ሦስት ሴቶች አስከትላ፣ ሣርና እንጨት አሸክማ መጣች። ቆርቆሮው ላይ እንጨት ረበረቡ፤ ከእንጨቱ በላይ ሣር ከደኑ፤ በሣሩና በቆርቆሮው መሃል አንድ ስንዝር ተዉ፤ ነፋስ ይመላለስበት ዘንድ። ከመስኮቱ ትይዩ ሌላ ቀዳዳ አስበሳችኝ። ደረቅ ቀን ሲሆን መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ እንድሰቅል በእጇ አሳየችኝ። በወበቅ ቀን ግን ጆንያው ይወርዳል፤ እርጥቡ ወበቁን ያባብሰዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ወገን መክፈት ነው። ቤቱ በረደ። አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም። እኔ ግን ብርዱን ልችለው አልቻልኩም፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥቼ እቀመጥ ነበር።

በዓመቱ የዲራሙ የልጅ ልጅ ታመመችና ልጠይቅ ሄድኩ። ጎጆዋ በር ላይ ቆማ ሴቶቹን «ቂሌንሲ ሃ ሴኑ» አለቻቸው። ሴቶቹ የጎጆውን ሰሌን ከዚህም ከዚያም ገልጠው ወደ ላይ ጠቀለሉት። ያን ጊዜ እኔም ኦሮምኛ ጀማምሬ ነበር። ነፋስ ገባ አይደለም። ነፋስ ይግባ ነው።

«አዮ፣ ያን ቀን እንዲህ ነበር ያሉኝ?» አልኳቸው። አዮ እናት ማለት ነው፤ አንቱ ያልኳቸውም ያን ቀን ነው።

ከእኔው በለቀሟት ስብርብር አማርኛ «ተይ» አሉኝ። «አንቺ ፈራሽ። እናት ሲፈራ ጆሮ የለም።»

ልጅቷ ዳነች። በጓሯቸው ስትሮጥ ሳያት ደስ እንዲለኝ እታገል ነበር።

ትናንት ለካሳነሽ መልሱን ጻፍኩ። እንጨቱን፣ ሣሩን፣ አንዷን ስንዝር፣ ትይዩውን መስኮት፣ ጆንያው የሚሰቀልበትንና የሚወርድበትን ቀን። ቬንትሌተሩን ሽጡት አልኩ። ታደለ የሚባል ወንድም እንደነበራትም ጻፍኩላት። መጨረሻው ላይ በትልቁ «ነፋስ ይግባ» ብዬ አሰፈርኩ።

ጽፌ ሳየው ግን «ይ»ዋ ጠማማ ሆነችብኝ። ብዕሩን ደገምኩባት፤ ባሰባት። አንዲት ቃል በሰው አፍ ዞራ ምን እንዳደረገችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ከተትኩት። ዛሬ ጠዋት የከብት ነጋዴዎቹ መኪና ወደ ፊልቱ ይመለሳል፤ ሾፌሩን ለምኜ ቦታ አግኝቻለሁ። ይህን የምጽፈውም መኪናው እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጆንያ ይዣለሁ። መስኮቱን በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ።