እናቴ በሃምሳው ያቋረጠችው እስፖርት

እናቴ ዓይናዲስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት በእግር በሚረገጥ መኪና ሰፍታለች። አባቴ ይስማው በጥር ሲሞት አላለቀሰችም፤ አርባው ሳይወጣም መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ለቀስተኛው ሁሉ ታዘባት። እኔም አላለቀስኩም፤ በእኔ ግን ማንም አልፈረደም። በላን፣ ተኛን፣ ተነሣን። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀኝ እግሯ ይደነዝዝ ጀመር። ፔዳሉን መርገጧን የምታውቀው መርፌው ሲንቀሳቀስ አይታ ነበር። ሆስፒታል ወሰድኳት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የወገቧ ጡንቻ ደርቆ ነርቩን እንደያዘው ነገረንና አንድ እንቅስቃሴ አሳየን፤ የዮጋ መሆኑን እኔ አወቅሁ። ዮጋ ብላት የሌላ ሃይማኖት ነው ብላ እንደምትተወው ስለማውቅ እስፖርት ነው አልኳት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጉልበቷ ሥር ጋቢ አጥፋ ታነጥፋለች። ተንበርክካ ተረከዟ ላይ ትቀመጥና ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ቀስ ብላ ታጎነብሳለች፤ እጆቿን ወደ ፊት ትዘረጋለች። ግንባሯ ካልደረሰላት ትራስ ታደርጋለች እንጂ በግድ አትወርድም። ዐሥር ጊዜ በረጅሙ ተንፍሳ ቀስ ብላ ትነሣለች። ሕመሙ ወይም ድንዛዜው ከባሰባት ታቆማለች። ወገብን ያፍታታል፣ ዳሌን ያላላል፣ መንፈስንም ያረጋጋል አለን። የእኛ መንፈስ እንኳ ከሚገባው በላይ ረግቶ ነበር። በሦስት ወር ካልተሻላት ግን ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር እንደሚልካት አስጠነቀቀን።

ጾሙን ሙሉ ሳታጓድል ሠራች። በሆሳዕና ሰሞን የእግሯ ጣቶች ይሰሟት ጀመር። ከፋሲካ በኋላ እኔ ወደማስተምርበት ወደ ደምበጫ ተመለስኩ። በደወልኩ ቁጥር ደህና ነኝ ትለኛለች። ከወር በኋላ ስመጣ እግሯን እየጎተተች በር ከፈተችልኝ። ለካ ከትንሣኤ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልሠራችውም።

"በሃምሳው ይሰገዳል እንዴ?" አለችኝ።

ተናደድኩ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ስግደት ክልክል መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ስንት ጊዜ ነው እስፖርት ነው ያልኳት? ክርክሩን ትቼ ባጃጅ ጠራሁና የንስሐ አባቷ ዘንድ፣ መምሬ አካለ ወልድ ጋ ወሰድኳት። እሳቸው እስኪ አሠራሩን አሳዩኝ አሉ። አይተው ፈገግ አሉና ይሄ ስግደት እንዳልሆነ፣ በሃምሳውም ቢሆን መድኃኒት እንደማይከለከል አስረዷት።

"ለወገብሽ ነው ልጄ፤ ሥሪው" አሏት።

ረታኋት ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ስንገባ ጋቢውን አጥፋ ምንጣፉ ላይ አነጠፈችና እዚያው ቆመች።

"ለአባትሽ ነበር የምሰግደው" አለች። "ማልቀሱ እምቢ ሲለኝ፣ ይቺን እንኳ ላድርግለት ብዬ ነው። እግሬ ሲሻለኝ ስግደቱ እሱም ዘንድ የደረሰ መስሎኝ ነበር።"

አፈርኩ። ካህኑ ዘንድ ጎትቼ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አሁንም ለእሱ ብለሽ ሥሪው ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ የንስሐ አባቷ ለወገብሽ ነው ካሏት በኋላ እኔን እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ተንበረከከች። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አሳርፋ እጆቿን ዘረጋች።

"ለእሱ ሳለ እኔ ነበርኩ የምቆጥረው" አለች። "ለእግሬ ከሆነ አንቺው ቁጠሪው።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና አንድ አልኩ።