በረኪናና የድመቷ ፏፏቴ

በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለቀረው ሁሉ በረኪና ናት። ስሙን ያወጣላት አጠገቧ የሚሠራው ካውያ ተኳሽ ሲሆን፣ እሷም አልተቀየመችም። ወጣትነቷንም የወገቧንም ጤና የሰጠችው የሰው አንሶላ ለማንጣት ነው። ወይን ይፍሰስበት፣ ወጥ ይደፋበት፣ የሙሽራ ኩል ይለቅለቅበት፣ በረኪና እጅ የገባ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ይወጣል። "ነጭ ያልሆነ ነገር ገና በደንብ ያልታጠበ ነገር ነው" ትላለች። አባባሏ በአንሶላ ላይ ለብዙ ዘመን ሠርቶላታል፤ በድመት ላይ ግን ጉድ ሊያፈላባት ነበር።

ድመቷ የታላቅ እህቷ ናት። እህትየው ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤቷ ከአንዲት አመድማ ድመት ጋር ትኖራለች። የድመቷ ስም እመቤት ነው። ስሟ ገብቷት ነው መሰል አኗኗሯም እንደዚያው ነው፤ የሚሰጧትን ሁሉ በጎሪጥ አይታ ነው የምትቀበለው። ኩላሊቷ ደከም ስላለ የእንስሳት ሐኪሙ "ውሃ በደንብ ካልጠጣች አትቆይም" ብሎ አስጠንቅቋል። እመቤት ደግሞ የቆመ ውሃ ከምጠጣ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እህትየው ሌላ መላ ብታጣ ፏፏቴ ገዛችላት፦ ነጭ የሸክላ ሳህን፣ ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ከመሃሉ ሽቅብ እየፈለቀ ተመልሶ የሚወርድ ውሃ። በረኪና መጀመሪያ ያየችው ቀን "የእኔ ቧንቧ ሁለት ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ ለእመቤት ምንጭ ተቆፈረላት!" ብላ እስኪያማት ስቃለች።

ሳቁ ያበቃው እህትየው ልቧን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ሆስፒታል የገባች ዕለት ነው። የቤቷን ቁልፍ በበረኪና መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

"ሚጡዬ፣ ለእኔ አታስቢ፤ እኔን ሐኪም ያየኛል። እመቤትን አደራ" አለቻት። በረኪና ሃምሳን አልፋለች፤ ለእህቷ ግን እስከ ዛሬ ሚጡ ናት። "እሷ ከሌለች ወደዚያ ባዶ ቤት ምን ልሠራ እመለሳለሁ?"

"ምን ነካሽ እትዬ! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።"

"ፏፏቴውን ስታጥቢ እንግዲህ መጀመሪያ ፓምፗን..."

"ለእኔ ነው ማጠብ የምታስተምሪኝ?"

እህትየው ፈገግ ብላ ነገሩን ተወችው። ያቺን ፈገግታ በረኪና በኋላ ስንት ጊዜ አስታወሰቻት መሰላችሁ።

ልብሷን ይዛ እህቷ ቤት ገባችና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ፏፏቴውን ፈታታችው። ሳህኑ ትንሽ ልጋግ ይዟል፤ ይሄ ደህና። ከክዳኑ ሥር ግን አንድ ስፖንጅ መሰል ነገር ወጣ፤ ጨመቅ ስታደርገው ጥቁር ውሃ ተንጠባጠበ። በረኪና ክው አለች። እህቷ በንጽሕና የምትታማ ሰው አልነበረችም። "ይሄን ነው እንግዲህ ስታጠጣት የኖረችው?" ብላ በጠርሙስ ሙሉ ይዛ የመጣችውን በረኪና ከፈተች። ዘፈዘፈችው፣ አሸችው፣ ጨመቀችው። ጥቁር። እንደገና ዘፈዘፈችው። አሁንም ጥቁር። በሕይወቷ እንዲህ የናቃት ቆሻሻ ገጥሟት ስለማያውቅ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረችው። አሳደረችው፤ ጠዋትም ያው ነው። ተሸነፈችና መልሳ ገጥማ፣ ውሃ ሞልታ ሶኬቱን ሰካችው።

እመቤት መጣች። አንገቷን አስግጋ አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ በረኪናን አየቻት፤ የሆቴል እንግዳ አልጋው ላይ የሰው ጸጉር ሲያገኝ እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች።

"ገና አልጸዳም ማለት ነው" አለች በረኪና፣ ደግማም አጠበችው። በምን? በዚያው በለመደችው ነዋ! እመቤት አልጠጣችም። በሌላ ሳህን ሰጠቻት፣ በብርጭቆ ሰጠቻት፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ተሸክማት አጠገቡ አቆመቻት። ሳህኑም ብርጭቆውም የወጥ ቤቱ ማጠቢያም በእሷው እጅ የጸዱ ነበሩና ሁሉንም እያሸተተች ፊቷን አዞረች። ከጣሳ ምግቧ ትንሽ ቀመስ አድርጋ አልጋ ሥር ትገባለች። ጸጉሯ ቆመ፣ ወገቧ ሰረጎደ።

ቀዶ ጥገናው ደህና አልፏል። እህትየው ከማደንዘዣው ነቅታ ከንፈሯ ኩበት መስሎ መጀመሪያ የጠየቀችው "እመቤት ትጠጣለች?" የሚል ነው።

"መጠጣት ብቻ! ምንጩን ልታደርቀው ነው እንጂ!" አለች በረኪና ዓይኗን በጨው ታጥባ።

በማግስቱም እንዲሁ አለች፤ እንዲያውም ጨመር አድርጋ "ወፍራለች" አለቻት። እህቷን ከሞት አፍ ሐኪሞች መልሰውላት፣ እሷ ቤት ተቀምጣ አደራዋን ልትገድልባት ነው። "ምን ልሠራ እመለሳለሁ" የሚለው ቃል ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

ሥራ ቦታ ያለው ሁሉ አንድ ነገር እንዳለ ያወቀው በፎጣዎቹ ነው። አንዲት ሰማያዊ ካልሲ ከነጭ ጋር ቀቅላ አንድ ማሽን ሙሉ የመታጠቢያ ፎጣ ሰማይ አስመስላ አወጣችው። በበረኪና ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ካውያ ተኳሹ አንዱን ፎጣ አንስቶ ወደ መብራቱ ዘረጋው።

"ሰው ሞቶብሽ ከሆነ ንገሪን፤ እናልቅስልሽ" አላት።

ነገረችው፤ እንባዋ እየቀደማት። ለእንስሳት ሐኪሙ መደወሏን፣ እሱም "ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ፣ ከዚያ በላይ እንዳታቆዪ" ማለቱን ጭምር።

"ለእህትሽስ ነግረሻታል?"

"ልቧ ገና ትናንት ተሰፍቶ? ምን ቆርጦኝ!"

"ከተሰፋማ ይችለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ድመቷን የምታውቃት እሷ ናት፤ ሂጂና ንገሪያት፤ እነዚህን ፎጣዎች እኔ እደብቅልሻለሁ።"

ሄደች። እህትየው ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አራተኛውን ትንሹን ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ሲያስላት ቁስሉን ደግፎ እንዲይዝላት ነርሷ የሰጠቻት ነው። በረኪና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ደፋች።

"እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"ሞተች?"

"አልሞተችም! ግን ውሃ አልጠጣም ካለች ቆየች። ያላደረግኩት ነገር የለም። እንደ ሕፃን ተሸክሜ ለምኛታለሁ። እኔ ነኝ የገደልኩብሽ እትዬ..."

"ቆይ፣ አልሞተችም አላልሽም? ስትሞት ታለቅሻለሽ። ፏፏቴውን አጥበሽዋል?"

"በየቀኑ!"

"በምን?"

"በምን ላጥበው... ያው በምናጥብበት ነዋ።"

እህትየው ትንሽ አሰብ አደረገች። "ያንን ጥቁሩንስ?"

"እሱማ!" አለች በረኪና፣ ንዴቷ ለቅሶዋን አስረስቷት። "እሱማ አልነጣ ብሎ አቃጠለኝ! ስንት ጊዜ ዘፈዘፍኩት! ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሆነ እንጃ!"

እህትየው ትራሱን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በረኪና ደንግጣ ነርስ ልትጠራ ስትነሳ፣ እህቷ የምትስቅ መሆኗን አየች፤ እያመማትና "ወይኔ ስፌቴ" እያለች የምትስቅ።

"ሚጡዬ፣ ከሰል እኮ ነው! ውሃውን የሚያጣራው እሱ ነው። ተፈጥሮው ጥቁር ነው። እሱ ሲያረጅ ተጥሎ አዲስ ይገባል እንጂ አይታጠብም። ከሰል ነው ስታነጪ የከረምሽው!"

"ይሁና! ግን እትዬ፣ ምንም አይሸትም እኮ። ደጋግሜ አሽትቼዋለሁ።"

"ለማን ነው የማይሸተው? አንቺ በረኪና ከሸተተሽ ስንት ዘመንሽ!"

በረኪና እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ሳብ አደረገች። ምንም። ያንን ሁሉ ዓመት በርሜል ሙሉ እየቀዳች፣ ሌላው ሰው በሩ ላይ ሆኖ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር እሷ ምሳዋን አጠገቡ ስትበላ ኖራ፣ አፍንጫዋ ለዚህች ሽታ ከሞተ ቆይቷል። ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም ነበር። እመቤት ግን ገና ከበሩ ጀምሮ ሸቷታል።

"አሁን ስሚኝ" አለች እህትየው እንባዋን እየጠረገች፣ "ያቺን ጊዜ አላስጨርስ ያልሽኝን። አሮጌውን ማጣሪያ ጣዪው፤ መሳቢያው ውስጥ አዲስ አለ። ሳህኑን በሙቅ ውሃና በዚያች ሽታ በሌላት ሳሙና እጠቢውና ደጋግመሽ አለቅልቂው። ፓምፗንም ክፈቻት፤ ጸጉር ይጠመጠምባታል።"

በረኪና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው የወጣችው። ሶኬቱን ነቀለች። የፓምፗን ክዳን በጥፍሯ ብትከፍተው፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ በአመድማ ጸጉርና በልጋግ ተጠፍራ ተገኘች። ሳህኑን በየቀኑ ስታብለጨልጭ የፓምፗን ሆድ አንድ ቀን እንኳ አላየችውም ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈለቀቀችው። አዲሱን ማጣሪያ ቧንቧ ሥር ስታለቀልቀው ጥቁር ብናኝ መውረድ ጀመረ፤ ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ በረኪናው ጠርሙስ ሲሄድ በግራ እጇ ያዘችው። ጠርሙሱን አውጥታ በረንዳው ላይ ቆለፈችበት።

አንድ ችግር ቀረ፤ መጽዳቱን ማን ይንገራት? አፍንጫዋን ከእንግዲህ አታምነውም። ሳህኑን ታቅፋ ወደ ምድር ቤት ወረደችና በር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ዘበኛ "ጋሼ፣ እባክዎ ይሄን ያሽትቱልኝ" አለቻቸው።

ዘበኛው እሷን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። ጤንነቷን ተጠራጥረዋል። ቢሆንም ጎንበስ ብለው አሸተቱ። "የመዋኛ ገንዳ ይሸታል" አሉ።

ወጣች፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ አለቀለቀችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ወረደች። "ትንሽ ቀርቶታል" አሏት፤ አሁን ነገሩ እሳቸውንም ይዟቸዋል። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ዘበኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

"ምንም አይሸትም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሳህኑ ንጹሕ ነው እህቴ። አሁን የምትሸቺው አንቺ ነሽ።"

ከእህቷ ጓዳ አዲስ የፕላስቲክ ጓንት ፈልጋ አጠለቀች። ሳህኑን እስከ ምልክቱ ሞልታ ሶኬቱን ሰካችው። ፓምፗ ትንሽ አጉረመረመችና ውሃው ከመሃል ብቅ አለ። በረኪና ሽታዋ እንዳይደርስ እስከ መኝታ ቤቱ በር ሸሽታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መተንፈስም ፈርታለች።

እመቤት ከአልጋ ሥር ወጣች። ቀስ እያለች ቀረበች። አሸተተች፤ በጣም ቆይታ አሸተተች። ከዚያ ምላሷን አወጣች። አንዴ ላፍ አደረገች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ላፍ፣ ከዚያ ወዲያ ማቆም የለ። በረኪና ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። ከልቅሶው ጋር ያ ድንጋይ ከደረቷ ላይ ተንከባለለ፤ እፎይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አወቀች።

ለእህቷ ደወለችና ስልኩን ወደ ፏፏቴው ዘረጋችው። ዕድሜ ልኳን በሽቦ ውስጥ ሰው ስትሰማ የኖረችው እህቷ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

"ሰማሁ" አለች። "ተያት፣ ትጠጣ። አታቋርጫት።"

ሐኪሙም በማግስቱ አይቷት "በጊዜ ደርሰሽላታል" አለ። ፎጣዎቹም ከተደበቁበት ወጥተው መልሰው ነጡ።

እህትየው ከሆስፒታል ስትወጣ በረኪና ደግፋት በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ቤቱ ተወልውሎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፏፏቴው እየፈሰሰ ጠበቃቸው፤ ሁሉም የጸዳው በሙቅ ውሃና ሽታ በሌላት ሳሙና ብቻ ነው። እመቤት የአሳዳጊዋን እግር እየዞረች ትሻሻለች። እህትየው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አየሩን ሳብ አደረገችና ፊቷ ቅር ያለው ሰው ፊት መሰለ።

"ምነው እትዬ? ሸተተሽ? ጠብታ እንኳ አልነካሁም እኮ!"

"እሱን ነው የምለው። ምንም አይሸትም።"

"አንቺው አይደለሽ እንዴ..."

"ለእመቤት አልኩ እንጂ ለእኔ መቼ አልኩ? እዚያ ሆስፒታል ኮሪደሩን ሲወለውሉ በረኪና በሸተተኝ ቁጥር አንቺ የመጣሽ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቴ ለቀቅ የሚያደርገኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።"

እህቷ ያንን ውሃና የማጠቢያ ኬሚካል የበላውን የበረኪናን ሻካራ እጅ ሳብ አድርጋ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

"ይሄው" አለች። "አሁን ቤቴ ገባሁ።"