በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?

የሥራ ክፍል የምጋራትን ዲዛይነር ሰፈሩ ሁሉ «መስመር» ነው የሚላት። የተጣመመ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ሰው ቤት ገብታ እንኳ ሰላምታ ሳትጨርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ታቃናለች። መተዳደሪያዋ አርማ መሥራት ነው፤ የዳቦ ቤት፣ የጋራዥ፣ የጥርስ ሐኪም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጽሑፍ እተይባለሁ።

የሰፈሩ ኮሚቴ ነዋሪው ወጥቶ ችግሩን የሚናገርበት ስብሰባ ሊጀምር ነው ተባለ። ስሙን «የሰፈራችን ድምፅ» አሉትና አርማ አዘዟት። ደስታዋን አትጠይቁኝ! እናቷ ደጃቸው ላይ ክዳን ያጣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወድቀው እግራቸውን ከተሰበሩ ወዲህ ቤት ነው የሚውሉት። ለማን አቤት እንደሚባል እንኳ አያውቁም።

«እማዬ፣ አሁንስ ይሰሙሻል» አለቻቸው።

«ድምፅ» የሚለውን ቃል ጻፈች። የመጨረሻዋን ፅ ክብ ፊት አደረገቻት፤ መሐሏ ላይ ያለችውን ሰረዝ ከፈት አድርጋ አፍ ሠራችላት። ሌላ ጌጥ የለውም። ፊደል ያልቆጠሩት እናቷ አዩና «ይሄ ሰውዬ ምን ሊል ነው?» ብለው ጠየቁ። መስመር ሳቀች፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

አርማው ያለበትን ሰሌዳ ተሸክሜላት ኮሚቴው ፊት ገባሁና ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ጡረታ የወጡት መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ድምጽ የሚጻፈው በጸሎቱ ጽ ነው።»

«የለም፣ በፀሐዩ ነው» አሉ ባለ ፋርማሲው።

ያልታደለው ባለ ጋራዥ «ያው አይደል እንዴ?» ቢል ሁለቱም ተነሱበት።

«ጋሼ፣ በጸሎቱ ከተጻፈ እኮ ፊቱ ይጠፋል። አፉም የለም» አለች መስመር።

«አፍ ምን ያደርጋል? ዋናው ፊደሉ ነው!» አሉ መምህሩ።

ጥርሷን ነክሳ ስለ ቦዩ ጠየቀች፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ይነሳል ወይ? ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ የበላይ አካልን ይነካል፤ ቀስ ብለን እንደርስበታለን» አሉና ወደ ፊደሉ ተመለሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄን ነው። አንዲት ፊደል ከሰዓቱን ሙሉ ስትደበደብ ዋለች፤ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

በመጨረሻ «በድምፅ ብልጫ ይወሰን» ተባለ። እጆች እኩል ለእኩል ወጡ። መስመርም ለፀሐዩ እጇን አወጣች።

«አንቺ አውርጂ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «አንቺ ሠሪ ነሽ።»

«ነዋሪም ነኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«ነዋሪማ ነሽ። ግን እዚህ ድምፅ የለሽም።»

ከአፋቸው የወጣውን እሳቸውም አልሰሙት፣ ሌላውም አልሰማው። እኔ ግን ሰማሁት። እኩል ሲሆን ሊቀ መንበሩ ያሉበት ወገን ያሸንፋል ተባለና ጸሎቱ ጽ አለፈ።

«ከሥሩ ደግሞ ‹ድምጽዎ ይሰማል› የሚል ጨምሪበት፤ በትልቁ» አሏት።

መስመር ሰሌዳውን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

«እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ጋሼ። እሷ መጥታ እንድትናገር ነበር የሠራሁት።»

«ታዲያ ምን ቸገረ? አንብቢላታ!» አሉና ስለ ቀለሙ ውይይት ከፈቱ።